የቁልፉ ሳምንት

ከሱቄ በላይ ያለው ክፍል መጀመሪያ ፑል ቤት ነበር። ፑል ቤቱ ሲዘጋ ጂም ሆነና ብረት በወደቀ ቁጥር የኮርኒሴ አቧራ ትከሻዬ ላይ ሲራገፍ ከረመ። ጂሙ ሲከስር የውበት ሳሎን ገባ። አሁን ጀርመንኛ ነው። ጀርመንኛ ብረት አይጥልም፤ ግን ከሁሉም ይብሳል። ሃያ ወጣት በአንድ ድምፅ ጉሮሮውን ሲጠራርግ ከሥር ቁጭ ብሎ ዕቃ መሸጥ ምን እንደሚመስል የቀመሰው ያውቀዋል።

በኛ በኩል ደረጃ ያለው ቤት ሁሉ ጀርመንኛ ሆኗል። ድሮ ሥራ ያጣ ሰው የሞባይል ካርድ ያዞር ነበር፤ ዛሬ ጀርመንኛ ያስተምራል። በየበረንዳው የተሰቀለው ባነር አንድ ዓይነት ነው፦ ነጭ ጋውን የለበሰች ፈረንጅ ነርስ ጥርሷን ገልጣ ትስቃለች። ላፍቶ ትስቃለች፣ ለቡ ትስቃለች፣ ነፋስ ስልክ ስትደርሱም ቀድማችሁ እየሳቀች ትጠብቃችኋለች። በማን እንደምትስቅ የገባኝ ቆይቶ ነው።

እኔ የቧንቧ ዕቃ ነጋዴ ነኝ። ታንከር፣ ፓምፕ፣ ቧንቧና መገጣጠሚያ እሸጣለሁ። ውሃ በሳምንት አንድ ቀን በሚመጣበት ሰፈር ታንከር መሸጥ ትልቅ ጭንቅላት አይፈልግም። ሰዎች ግን ብልህ ነው ይሉኛል፤ እኔም ላርማቸው አልደክምም።

ጀርመንኛው ከኮርኒሴ አልፎ ቤቴ የገባው በትልቋ ልጄ ነው። ነርስ ናት፤ ተመርቃ ሥራ ፍለጋ ጫማዋን ጨርሳለች። በመጨረሻ እዚያ አገር አንድ ሆስፒታል እየሠራች እንድትማር ተቀበላት። የቀራት የቋንቋ ፈተና ብቻ ነበር። የጽሑፉን አለፈች፤ የቃሉን ወደቀች። አንድ ዕድል ተሰጣት። ያንን ከሳተች ቦታው ለሌላ ሰው ይተላለፋል፤ እሷም እንደገና በየክሊኒኩ በር መቆም ትጀምራለች።

የወደቀች ቀን ሱቅ መጥታ አንድ ያልተሸጠ የመታጠቢያ ገንዳ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«ዝም አልኩ አባዬ።»

«ምን ጠየቁሽ?»

«ያልሸመደድኩትን።»

መምህሩን ላስተዋውቃችሁ። ጀርመን አገር ኖሮ የተመለሰ ሰው ነው። ስንት ዓመት እንደኖረ በተጠየቀ ቁጥር ዓመቱ ይጨምራል፤ እዚያ ምን ይሠራ እንደነበር ሲጠየቅ ደግሞ ሰዓቱን ያያል። ተማሪዎቹ «ቲቸር» ይሉታል። በክረምትም በበጋም ያው አንገት ልብስ ከአንገቱ አይወርድም።

ልጄ በወደቀች በሳምንቱ የወላጆች ስብሰባ ጠራ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ተባለ። ሦስት ሰዓት ላይ የተገኘነው እኔና ሁለት እናቶች ነበርን። «ጀርመን ሰው አይጠብቅም!» ብሎ ለባዶ ወንበር ሙሉ ንግግሩን አደረገ። ሌሎቹ አንድ ሁለት እያሉ ሲገቡ ግን አላስቻለውም፤ ከመጀመሪያው ጀመረ። በሰዓቱ የመጣነው ሁለት ጊዜ ሰማን። የሰዓት አክባሪ ሽልማት ይኼ ነው።

ንግግሩ ስለ አንዲት ቃል ነበር። ነጭ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፋትና መጋረጃ እንደገለጠ ሰው ዞሮ አየን።

«ቮኸ!» አለ። «ሳምንት ማለት ነው፣ ክቡራን ወላጆች። እንግሊዙ ዊክ ይላል፣ ስዊድኑ ቬካ ይላል፣ ኖርዌዩ ኡከ ይላል። ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሥራቸው ምንድን ነው? ተራ! መለዋወጥ! አንዱ ሲወርድ ሌላው ሲተካ! የሰሜን ሰዎች ባሕር ላይ ሲቀዝፉ፣ ቀዛፊ ደክሞት በሌላ እስኪለወጥ የሚሄዱትን ርቀት በዚሁ ቃል ነበር የሚጠሩት። ለነሱ ሳምንት ማለት ሥርዓት ነው። እኛስ? ሳምንት ያልነው ከስምንት ወስደን ነው። ቀኑ ሰባት፣ ስሙ ስምንት! ገና ስም ስናወጣ መቁጠር አልቻልንም!»

ወላጅ ሳቀ። የኛ ሰው በራሱ ላይ ሲቀለድ መሳቅ ይወዳል፤ ቀላጁ አንገት ልብስ ካደረገ ደግሞ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ከኋላ የተቀመጠ አንድ አባት እጁን አወጣ።

«ታዲያ ልጆቹ መቼ ነው የሚሄዱት?» አለ።

ያን ቀን ከተነገረው ሁሉ ቁም ነገሩ እሱ ነበር፤ መልስ ያላገኘውም እሱ።

ራት ላይ ልጄን ጠየቅኳት። «ሰውዬው ስለ ሳምንት የቀደደው እውነት ነው?»

«ስለ ተራው እውነት ነው። የሚያውቁት ሰዎች እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም ነው የሚሉት። ቲቸር 'ሳይሆን አይቀርም' የምትለዋን ትቷት ነው።»

«ስምንቱስ?»

«እነሱም የዛሬ ሳምንት ለማለት 'በስምንት ቀን' ይላሉ።»

«እና ይኼን ለምን አልነገረንም?»

«በምን ያስቃችኋል ታዲያ?» አለች እንጀራዋን እየጠቀለለች። «ረቡዕን ደሞ 'የሳምንት መሃል' ነው የሚሉት። ዘመዶቻቸው እነ እንግሊዝ የድሮ ጣዖት ስም ነው ያስቀሩለት፤ ጀርመኖቹ ጣዖቱን አስወጥተው መሃል ብለውት አረፉ።»

«የኛስ ማክሰኞ? የሰኞ ማግስት ማለት አይደል? ስም ማውጣት የሰለቸው ሰው የትም አገር አለ።»

ሳቀች። ከወደቀች ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር። በሆዴ፣ ይቺ ልጅ በቋንቋቸው ይኼን ያህል የምታውቅ ከሆነ ዝም ያሰኛት ምንድን ነው? አልኩ። መልሱን በማግስቱ በጆሮዬ ሰማሁት።

መምህሩ ለቃል ፈተና የሚያዘጋጀው መድኃኒት አንድ ወረቀት ነው። ተፈታኙ ስለ አንድ ርዕስ ለጥቂት ደቂቃ እንዲናገር ይጠየቃል፤ ወረቀቱ ርዕሱንም ንግግሩንም ጨርሶ ይዟል። «ሳምንቴ» ይላል። ለሃያውም ተማሪ አንድ ነው። ልጄ ሳሎን ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰች ትወጣዋለች፤ እናቷ ሽንኩርት እየላጠች «ምንድን ነው የምትይው?» ስትላት ቆም ብላ ትተረጉምልናለች።

«ሰኞ በብስክሌት ወደ ሥራ እሄዳለሁ። ረቡዕ ዋና እሄዳለሁ። ቅዳሜ ከአያቴ ጋር ጫካ ውስጥ እንራመዳለን። እሑድ የፖም ኬክ እንጋግራለን።»

«የትኛዋ አያትሽ ናት ጫካ የምትገባው?» አልኳት። «ሁለቱም ከሞቱ ስንት ጊዜያቸው።»

«ፈተና ላይ አይሞቱም።»

«ረቡዕስ የት ነው የምትዋኚው? ባልዲ ውስጥ?»

«አባዬ፣ ተወኛ!»

ባለቤቴ ሽንኩርቱን አስቀምጣ ሳቀች። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። «ቲቸር ባለፈው የወደቅሽው በደንብ ስላልሸመደድሽው ነው አለኝ» ብላ ከሰኞ ጀመረች። ልጆቻችንን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የምናሳድግበት ዘዴ ነው፤ ያልገባውን በቃሉ የወጣ ጎበዝ ይባላል፣ የገባውን በራሱ አፍ የተናገረ ከመስመር ወጣ ይባላል። ስለዚህ በመምህሩ ብቻ አልፈርድም። ግን እፈርዳለሁ።

አሁን ስለ ቁልፉ ልንገራችሁ።

የምንኖረው ለቡ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ውሃ በፈረቃ ነው፤ ለኛ ብሎክ በሳምንት አንድ ቀን፣ ማክሰኞ። የሚመጣው ግፊት ስለሌለው ፎቅ አይወጣም፤ መጀመሪያ መሬት ውስጥ ባለው ገንዳ ይጠራቀማል፣ ከዚያ በፓምፕ ጣሪያ ላይ ወዳለው ታንከር ይገፋል። ይኼን ሁሉ የሚያደርግ ዘበኛ መቅጠር ነበረብን፤ እኛ ግን በስብሰባ ተጨቃጭቀን ተጨቃጭቀን ተራ ገባን። የፓምፕ ክፍሉ ቁልፍ በቀይ ገመድ ታስሮ እሑድ እሑድ ከቤት ወደ ቤት ይተላለፋል። ቁልፉ የገባበት ቤት ሳምንቱን ሙሉ ውሃውን ይጠብቃል፣ ይከፍታል፣ ፓምፑን ያስነሳል፣ ሲሞላ ያጠፋል። ቁልፉን ይዞ የጠፋ ቤት የሁላችንንም ድስት ሳይታጠብ ያሳድራል፤ ስሙም ደረጃ ላይ ይነሳል።

ቁልፍ ያዡን ሰሞነኛ ብለን ሰየምነው። ሰሞነኛ ማለት በቤተ ክርስቲያን ሳምንት እየተፈራረቁ ከሚያገለግሉት ካህናት ተራ የደረሰው ነው። ሁሉም ወደደው፤ የታችኛው ፎቅ ሙስሊም ጎረቤታችን እንኳ «ሰሞነኛው ሐጂ» ሲባል ይስቅ ነበር። ያልወደደችው ከበላያችን ያለችው የጴንጤዋ እመቤት ብቻ ናት።

«ወንድሜ፣ እኔን ሰሞነኛ እንዳትለኝ» አለችኝ አንድ ቀን ደረጃ ላይ አስቁማ። «እኛ ቤት ሰሞነኛ የለም። ተረኛ በለኝ።»

«ውሃው ያው ነው እኮ እህቴ።»

«ውሃው ያው ነው፤ እኔ ያው አይደለሁም።»

ተረኛ አልናት። የሷ ሳምንት ሲደርስ ብሎኩ በሙሉ ተረኛ ይላል፣ ሲያልፍ ወደ ሰሞነኛ ይመለሳል። አንድ ቁልፍ ነው፤ ሁለት ሃይማኖት አለው።

የልጄ ሁለተኛ ፈተና ረቡዕ ላይ ተቀጠረ። በዚያው ሳምንት ቁልፉ እኛ ቤት ገባ። እኛ ቤት ሲገባ ያዡ ልጄ ናት፤ እኔ ሱቅ እውላለሁ፣ ባለቤቴ ጉልበቷ ደረጃ አልወድም ይላታል። አልተጨነቅንም። ማክሰኞ ውሃውን ትጨርሳለች፣ ረቡዕ እኔ ፈተናው ድረስ አደርሳታለሁ፣ ባለቤቴ ሱቁን ትከፍታለች። ያማረ ዕቅድ ነበር። ማክሰኞ ውሃው ቀረ።

ማክሰኞ የቀረ ውሃ ረቡዕ ይመጣል፤ መቼ እንደሚመጣ ግን ለማንም አይነግርም። ረቡዕ ጠዋት ልጄ ተነስታ ለባብሳ፣ ወረቀቷን እያነበነበች በሩ ላይ ቆመችና ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ ዘረጋችልኝ።

«ያዝ አባዬ።»

«ላደርስሽ ነው እኮ።»

«ከመጣህ ማን ይከፍተዋል? ሰዉ ከባለፈው ማክሰኞ ጀምሮ ጄሪካን እየቆጠበ ነው። በሚኒባስ እሄዳለሁ።»

ያዝኩ። ደረጃውን ሁለት እርከን ወርዳ ዞረች። «ገንዳው ውሃ ሳይዝ ፓምፑን እንዳታስነሳው። ይቃጠላል።»

«ለኔ ነው የምትነግሪው? ለገዢ ሁሉ የምናገረው አይደል?»

«መናገሩንማ ትናገራለህ» አለችና ወረደች።

እውነቷን ነው። ስንት ፓምፕ ሸጫለሁ፤ አንዱንም በእጄ አስነስቼ አላውቅም። ፓምፑ ክፍል በር ላይ ዱካ ይዤ ተቀመጥኩ። ጴንጤዋ ጎረቤቴ የታጠበ ልብሷን ግቢው ገመድ ላይ ስታሰጣ አየችኝ።

«ተረኛው ዛሬ አንተ ነህ?»

«ነኝ።»

«እንግዲህ ጌታ ይርዳን።»

«ለልጄ ነው ለውሃው?»

«ለሁለቱም። ውሃው ባንተ እጅ ነው፤ ልጅቷን ደሞ ማታ ስታነበንብ በወለሌ በኩል ሰምቻታለሁ። ሰው አያቱን ሳይናፍቅ ስለ አያቱ ሲያወራ ይታወቃል።»

ጀርመንኛ አንድ ቃል አታውቅም። ግን ደጋግማ ሰምታ «ኦማ» የምትለው አያት መሆኗን ከልጄ አፍ አውጥታለች። ከኛ ብሎክ የሚደበቅ ነገር የለም።

ረፋድ ላይ ቧንቧው አጉረመረመ፣ አየር ተፋ፣ ቀጥሎ ውሃ መጣ። ገንዳው እስኪይዝ ጠበቅኩ፤ እንደ ሊቅ ተረጋግቼ፣ እንደ ፈሪ ደጋግሜ አጎንብሼ እያየሁ። ከዚያ አስነሳሁት። ተነሳ። ለማንም ባልናገርም ደስ አለኝ። የቀረኝ ሲሞላ ማጥፋት ብቻ ነበር። ስልኬ ጠራ።

«ውሃው መጣ?» አለች ልጄ። መጀመሪያ ያለችው ይኼን ነው።

«መጥቷል። ንገሪኝ፣ ምን ሆንሽ?»

«ጥንድ ጥንድ አድርገው አስገቡን። ከኛው ትምህርት ቤት ልጅ ጋር ደረሰኝ። እሷ ቀደመች። ከሰኞ ጀመረች አባዬ! ብስክሌቱን፣ ዋናውን፣ አያቲቱን፣ ኬኩን፣ አንድ ሳታስቀር። የኔን ወረቀት ጨረሰችው። ፈታኟ ከጠዋት ጀምሮ ስትሰማው የዋለች ይመስለኛል፣ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ነበር። ከዚያ ወደኔ ዞራ 'እርስዎስ? እርስዎም አያት አለዎት?' አለችኝ።»

«አንቺስ?»

«'ሁለቱም ሞተዋል' አልኳት።»

«ጎሽ!»

«ምን ጎሽ ነው፣ ከዚያ በኋላ እኮ ባዶ ሆንኩ። እንዳለፈው ልል ነው፣ ዝም ልል። እጄን ኪሴ ስከት ቁልፉ የለም። ክው አልኩ። ከዚያ ላንተ መስጠቴ ትዝ አለኝና 'ቁልፉ በዚህ ሳምንት አባቴ ጋ ነው' አልኩ። በጀርመንኛ ነው ያመለጠኝ። 'የምን ቁልፍ?' አለች።»

ነገረቻት። ገንዳውን፣ ፓምፑን፣ እሑድ እሑድ ከቤት ወደ ቤት የሚዞረውን ቀይ ገመድ። ሰሞነኛ የሚለውን፣ ተረኛ ካልተባልኩ የምትለዋን ጎረቤት። ለኛ ብሎክ ሳምንት ማለት ቀን መቁጠሪያ ላይ ያለው ሳይሆን ቁልፉ ያለበት ቤት እንደሆነ። የናንተም ቃል ድሮ ተራ ማለት ነበር ይባላል፤ እናንተ ጋ ቃሉ ቀርቷል፣ እኛ ጋ ተራው አለ፣ አለቻት።

«ምን አለች?»

«እስክሪብቶዋን አነሳች። ብዙ ጠየቀችኝ። የመጨረሻው 'አባትዎ ይችሉበታል ወይ?' የሚል ነበር።»

«ምን አልሻት?»

«'ይሸጠዋል እንጂ ነክቶት አያውቅም፤ ሳይደርቅ ብደርስ ጥሩ ነው' አልኳት። ሳቀች አባዬ። ፈታኝ ሲስቅ—»

የቀረውን አልሰማሁም። በላዬ ላይ ዝናብ መዝነብ ጀመረ። ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነበር። ቀና ስል የጣሪያው ታንከር ሞልቶ በአራቱም ጎን ይወርዳል፤ ፓምፑ ከኋላዬ ያለ ሐሳብ ይገፋል። በየመስኮቱ ጭንቅላት ወጣ። የጎረቤቴ ልብስ ገመዱ ላይ እንዳለ ሁለተኛ ታጠበ።

«ተረኛ!» ብላ ጮኸች ከላይ። «ሰውዬ፣ ሳምንት ሙሉ የጠበቅነውን በአንድ ጊዜ ልታጠጣን ነው?»

እየሮጥኩ አጠፋሁት። ስልኩ ውስጥ ልጄ «አባዬ? ምንድን ነው የሚጮኸው? ሞላ እንዴ?» ትላለች። በሁለት ቋንቋ የተማረች ነርስ ከከተማው ማዶ ሆና ስህተቴን በድምፁ ለየችው። ብሎኩ እስከ ዛሬ «ሰሞነኛው ያጠመቀን ቀን» እያለ ያነሳብኛል፤ ጎረቤቴም በዚህ ጊዜ ቃሉን አልተቃወመችም።

ውጤቱ መጣ፤ አለፈች። አብራት የገባችው ልጅ ከነብስክሌቷ ቀረች። ጥፋቷ መቅደሟ ብቻ ነበር፤ የኔ ልጅ ቀድማ ቢሆን ኖሮ ኬኩን የምትጋግረው እሷ ነበረች። ይኼን ለመምህሩ ልነግረው ስዘጋጅ ቀድሞኝ ሱቄ መጣ፤ ባነር ሊሰቅል የኔን መሰላል ፈልጎ። ፈረንጇን ነርስ አውርዶ በሷ ቦታ የልጄን ፎቶ አድርጓል። ከሥሩ «የዘዴያችን ፍሬ» ይላል።

«መምህር፣» አልኩት፣ «ወረቀትህን ትታ እኮ ነው ያለፈችው።»

«ጋሼ፣ መተው እንድትችል መጀመሪያ መያዝ ነበረባት» አለኝና መሰላሉን ወሰደ። እንዲህ ያለ ምላስ ይዞ ቋንቋ ማስተማር ጀመረ እንጂ ታንከር ቢሸጥ ኖሮ እኔ ሱቄን እዘጋ ነበር።

ልጄ ሄደች። ስለ መሄዷ የምለው የለኝም፤ አውሮፕላን ማረፊያ የተለቀሰ ለቅሶ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ከመሄዷ በፊት ግን ያቺን ፈተናው ላይ ያመለጠቻትን የቁልፉን ዓረፍተ ነገር በጀርመንኛ አስጠናችኝ። ከዚያ ቋንቋ የማውቀው እሷን ብቻ ነው። ሸመደድኳት።

ባለፈው እሑድ ቁልፉ እኛ ቤት ገባ። የምሰጠው ሰው ስለሌለ ኪሴ ውስጥ አደረግኩት። ማክሰኞ ሱቅ ቁጭ ብዬ ለአንድ ገዢ ስለ ፓምፕ ሳስረዳ ከላይ ጀመሩ፤ አዲሶቹ ሃያ፣ በአንድ ድምፅ። ሁልጊዜ እንደ ዝናብ ነው የማልፈው። ያን ቀን ግን ከመሃል አንድ ዓረፍተ ነገር ለየሁ። ሃያው ደገመው። የመምህሩ ዱላ ጠረጴዛ መታ፤ ሃያው እንደገና ደገመው። ሰውዬው ወረቀቱን ቀይሮታል። ብስክሌቱ የለም፣ አያቲቱ በመጨረሻ ሞታለች። አሁን ሃያው በሙሉ ለቡ ይኖራል፣ ሃያው በሙሉ ቀይ ገመድ አለው፣ ሃያው በሙሉ ፓምፕ የማይችል አባት አለው። የሚቀጥለው ጊዜ ያቺ ፈታኝ እስክሪብቶዋን ስታስቀምጥ ታየኝ።

«ከላይ ምንድን ነው የሚሉት?» አለ ገዢው ኮርኒሱን እያየ።

«'ቁልፉ በዚህ ሳምንት አባቴ ጋ ነው' ይላሉ።»

«የምን ቁልፍ?»

ስልኬ ጠራ። ጎረቤቴ ናት። «ተረኛ፣ የት ነህ? ቧንቧው እያጉረመረመ ነው!»

«መጣሁ እህቴ» አልኩ። ገዢውን ነገ ተመለስ ብዬ መዝጊያውን ሳወርድ፣ ከላይ ለአራተኛ ጊዜ ደገሙት። እኔም እየቆለፍኩ አብሬ አልኩት።